ወንበሩን ሰጣችሁት፤ በጀቱንስ?

አንድ የወጣት ማኅበር «ደንባችንን እይልን» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ደንቡን ሳይሆን ያለፈውን ዓመት የቦርድ ቃለ ጉባኤ ነው። እዚያ ውስጥ የወጣት ተወካዩን ስም እፈልጋለሁ። የተሰብሳቢዎች ዝርዝር ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳም ብቅ ይላል፤ ስለ ስፖርት ቀን ወይም ስለ ቲሸርት ቀለም አስተያየት ሰጥቷል። በጀት ሲጸድቅ፣ ሥራ አስኪያጅ ሲቀጠር፣ የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ ግን ድምፁ የለም።

«ወጣቶቹ አይናገሩም እኮ» ይሉኛል ሰብሳቢዎቹ። እንዴት ይናገሩ? በጀቱ የሚታደለው እዚያው ስብሰባው ላይ ነው። ለለጋሽ የተዘጋጀ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ነው። ሌሎቹ አባላት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቀደም ብለው በስልክ ተነጋግረውበታል። ከልጁ ፊት የተቀመጡት ደግሞ ያስተማሩት መምህር፣ የሰፈሩ ሽማግሌና ድርጅቱን የመሠረቱት ጋሼ ናቸው። የ20 ዓመት ልጅ ብቻውን ሆኖ «ጋሼ፣ ይሄ የነዳጅ ወጪ አልበዛም?» እንዲል መጠበቅ ትንሽ ጭካኔ አለበት። አጠገቡ ሌላ ወጣት ቢኖር ቢያንስ ይተያያሉ። ሦስት ሲሆኑ ስብሰባው ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ «አንድ የወጣት ተወካይ ይኖራል» የሚል አንቀጽ ሳይ እሰርዘዋለሁ።

ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ በጻፈው ጥናት የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ በ8 እርከኖች ከፍሎታል። የታችኞቹን 3 እርከኖች ጭራሽ ተሳትፎ አይላቸውም። ከነሱ አንዱ ወጣቱን ለጌጥ ማቆም ነው፤ የሰጠው ምሳሌም፣ አትሳቁ፣ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ነው።

የእኛ ሕግ በዚህ ላይ አያስገድድም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የወጣት ድርጅት ይህን ያህል ወጣት ቦርድ ላይ ያስቀምጥ የሚል ግዴታ የለበትም። ግን አዋጁ ውስጥ ብዙዎች ልብ የማይሉት ልዩነት አለ። ድርጅቱ የተመዘገበው በማኅበርነት ከሆነ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አባል የሆነ ወጣት ይመርጣል፣ ይሽራል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆነ ግን የበላዩ ቦርዱ ራሱ ነው። እዚያ ወጣቱ ስሙ «ተጠቃሚ» ነው፤ ተጠቃሚ ደግሞ ድምፅ የለውም። «ወጣቶች» የሚል ቃል በስማቸው ይዘው በሁለተኛው መንገድ የተመዘገቡ ድርጅቶች ወጣቱን ማሳተፍ ከፈለጉ ራሳቸው ደንባቸው ውስጥ በቁጥር መጻፍ አለባቸው።

በቁጥር የጻፉ አሉ። ወሴክማ ብለን የምናውቀው የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በዓለም አቀፍ ደረጃ ከውሳኔ ሰጪዎቹ 25 በመቶው 30 ዓመትና ከዚያ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። የእኛ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር አባል የሆነበት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ከቦርዱ ቢያንስ 20 በመቶው ከ25 ዓመት በታች እንዲሆን ወስኗል። የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት ጋር አታምታቱት) ከዚህም ርቆ ሄዷል። የወጣቶች ፈንዱ ገንዘብ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ከመንግሥታት 8፣ ከወጣት ድርጅቶች 8 ሰው አለው። እዚያ ወጣቱ የሚከራከረው ስለ ገንዘብ ነው።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲው መሠረት፣ የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችንም ይይዛል። እኔ በዚህ አሠራር የምወደው ከወንበሩ ይልቅ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ነው። ተወካዩን የላከው ሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሲመለስ «ምን ተባለ?» የሚሉት ጓደኞች አሉት። ቦርዱ ራሱ እንግሊዝኛው ያማረውን፣ ወርክሾፕ የማያመልጠውን ልጅ መርጦ ሲያስቀምጥ ግን ልጁ መልስ የሚሰጠው ለመረጠው ቦርድ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚሉኝ አሉ። ሊጡን ሳይነካ ያደገ ሰው በ40 ዓመቱም እንደማያቦካ ግን ይዘነጋሉ። ጆርጅ ዊሊያምስ በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ወወክማን (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን) ሲመሠርት ዕድሜው 22 ነበር። ልምድ የለም ከተባለ መስጠት ነው። በጀቱ ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋ ይላክ። የሒሳብ ሹሟ ግማሽ ቀን ወስዳ ሒሳቡ እንዴት እንደሚነበብ ታሳያቸው። ከባንክ ፈራሚዎቹ አንዱ ወጣት ይሁን፤ ፊርማ ተጠያቂነት እንደሚያመጣም በግልጽ ይነገረው። ሰዓቱንም እዩት። ረቡዕ 8 ሰዓት ላይ የሚጠራ ስብሰባ ለተማሪ አልተጠራም፤ ምሽት 2 ሰዓት የሚያልቅ ስብሰባ ደግሞ ታክሲ ለምታሳድድ የ19 ዓመት ልጅ አልታሰበም። የትራንስፖርት አበሉም ስብሰባው ዕለት ይከፈል፤ ደመወዝ ያለው ሰው ወር መጠበቅ ይችላል።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ፤ ወጣት ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይመጣል፣ ሥራ ሌላ ከተማ ይገኛል፣ ዓረብ አገር የሚሄድም አለ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር ተለዋጭ አብሮ ይመረጥ፤ ተለዋጩም ከመጀመሪያው ቀን ሰነዱ ይድረሰው።

የማይሄደው ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። ሁለቱንም አልፎ፣ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ አስገብቶ፣ አሁንም «የወጣቶቹ ሰብሳቢ» የሆነ ሰው ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም።

ከ18 በታች ያሉትስ? በቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን አልደረሱም፤ ውልና የባንክ ፊርማ ላይ አይግቡ። በፖሊሲው ግን የ15 ዓመቷም ወጣት ናት። የራሳቸው ጉባኤ ይኑራቸው፤ ከዚያ የተላኩት ሁለት ልጆች ቦርዱ ላይ ተቀምጠው ይናገሩ፤ የተናገሩትም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ብቻውን የሚቆም «የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት» ግን አልወድም፤ ለምክሩ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት የለምና።

ለደንባችሁ መነሻ የሚሆን አንቀጽ እነሆ፤ ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ ቀይሩት፦

«ከቦርዱ አባላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው፣ ከ3 ሰው ሳያንስ፣ በተመረጡበት ቀን 27 ዓመት ያልሞላቸው ይሆናሉ። የሚመርጧቸው ወጣት አባላት ወይም ተጠቃሚዎች ብቻ ናቸው። የአንድ ዘመን አገልግሎት 2 ዓመት ሲሆን ከሁለት ዘመን በላይ ማገልገል አይቻልም። ከወጣት አባላቱ ቢያንስ አንዱ የፋይናንስ ኮሚቴ አባል ይሆናል። ወጣት አባላት ሳይገኙ በጀት አይጸድቅም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ቦርዱ ይከራከራችኋል። ተከራከሩ። ከጸደቀ በኋላ ማሻሻያውን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማሳወቅ እንዳትረሱ።