ማሊያው ለአንድ ቀን ነው ወይስ ለሙሉ ሲዝን?

እሁድ ጠዋት ነው። የሠፈሩ ሜዳ አቧራ ገና አልተነሳም። አንድ መሥሪያ ቤት “ያገቡ” እና “ያላገቡ” ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ሊጋጠም ነው። ያላገቡት በጊዜ መጥተው ያሟሙቃሉ። ያገቡት ደግሞ ልጅ አስከትለው አንድ በአንድ ይንጠባጠባሉ። የያገቡት አምበል ሾፌሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገና ሩብ ሰዓት ሳይጫወቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ “ጋሼ፣ ሰው ይያዙ እንጂ!” እያለ የሚጮኽባቸው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ እንዲህ ብሎ መጮኽ የማይታሰብ ነው። እሁድ ግን ሜዳው የራሱ አለቃ አለው።

እንዲህ ዓይነቱ ግጥሚያ ለከተማችን የኳስ ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን አሁን ታዲያ ከጨዋታው ጎን ሌላም ነገር ይታያል። ጨዋታው ሲያበቃ ካርቶን ይዞርና ብር ይሰበሰባል፤ በብሩ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ተገዝቶ ለአረጋውያን ማዕከል ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ሠራተኛው አካፋና ቆርቆሮ ይዞ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶ ደም ይለገሳል። ነገሩ ደስ ይላል። ይሁንና የኳስ ሰው አዲስ ቡድን ሲያይ የሚያነሳው ጥያቄ እዚህም ይነሳል። ይሄ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ብቻ የተሰበሰበ ነው ወይስ ሊጉን ሊጫወት የመጣ?

ከፋብሪካ ግቢ የወጡ ክለቦች

የሥራ ባልደረቦች አንድ ማሊያ ሲለብሱ የት ሊደርሱ እንደሚችሉ የእኛው ኳስ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደው የድሬዳዋው ጥጥ የፋብሪካ ቡድን ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና መነሻው የቡና ማበጠሪያ ሠራተኞች ናቸው። መብራት ኃይል ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በ1990 እና በ1993 ዓ.ም. ሊጉን በልቷል። ቅርቡን እንይ ካልንም የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ ደግሞ መድን ነው።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ በንግድ ባንክ ማሊያ የሚጫወተው ልጅ ከመስኮቱ ጀርባ ብር አይቆጥርም፤ የመድኑ ተከላካይም የመኪና ኢንሹራንስ አይሸጥም። ሥራቸው ኳስ ነው። የሠራተኛው ኳስ ግን አልሞተም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ውድድር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ታኬታውን አስሮ ይገባል። በየሠፈሩ ያሉት የጤና ቡድኖችም አሉ። የጤና ቡድን ማለት ቦርጭ ማጥፊያ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አባል ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ሲቸግረው ያዋጣሉ፣ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ። ታኬታ ያደረገ ዕድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዕድር ጉልበቱ ደግሞ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ዕድር አንድ ቀን ብዙ ሰጥቶ የሚጠፋ አይደለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየሰበሰበ በክፉ ቀን ይደርሳል።

ቲሸርቱና ሰኞ

ኃይሌ ገብረሥላሴ የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ተሳትፎ ነበር። ያንን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሳታፊው ቁጥር ብዙ እጥፍ አድጓል። መሥሪያ ቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ቲሸርቱን በጅምላ እየገዙ በቡድን ይወጣሉ። በዚያ ሕዝብ መሃል ማን ዳይሬክተር፣ ማን ጽዳት ሠራተኛ እንደሆነ የሚለይ የለም። ሁሉም አንድ ቀለም ነው፤ ሁሉም ያልበዋል። ለዓመታት “እንዴት አደሩ” ብቻ ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች ዳገቱ ላይ እጅ ለእጅ ይጎታተታሉ።

ለመሥሪያ ቤቱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለተቸገረው ሰው ግን ገና ምንም አይደለም። ቲሸርቱ ሰኞ ቁም ሳጥን ይገባል። ድርጅቱ ለባነርና ለኮፍያ ያወጣው ብር ለእርዳታ ከሰጠው ከበለጠ ደግሞ ጨዋታው በራስ ግብ ላይ ነው። አረጋውያንን በመጠየቅም እንደዚሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንስቶ ይረዳል። እዚያ ያሉ ሰዎች የሚበሉት፣ የሚታጠቡትና ልብስ የሚቀይሩት በየቀኑ ነው። በፋሲካ የመጣ ሰንጋ የሚያስደስተውን ያህል፣ በተራ ማክሰኞ የደረሰ ሳሙናና ዳይፐርም ሰው ያሳርፋል። ማክሰኞ ዕለት ግን ካሜራ የሚይዝ የለም።

35 ቀን

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ደም ነው። ደም ባንኩ ያለው የኳስ ተመልካች ለዓመታት በተመላለሰበት በስታዲየም አካባቢ ነው። ስንቱ ደጋፊ ማሊያውን ለብሶ እየጨፈረ አልፎታል!

ከአንድ ሰው የሚወሰደው ደም ግማሽ ሊትር አይሞላም። ተለያይቶ ሲዘጋጅ እስከ ሦስት ሕሙማን ሊደርስ ይችላል። የሚፈለገው በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት፣ በመኪና አደጋ ለተጎዳ፣ ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት ሰው ነው። ፋብሪካ አይሠራውም። ተገዝቶም ለዓመት አይቀመጥም። ደም በተለመደው መያዣ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው። ፕሌትሌት የሚባለው ክፍል ደግሞ አምስት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። 33 ጤነኛ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉንም በአንድ ቀን አሰልፎ ቢያስለግስ 33 ከረጢት ይገኛል። ፎቶውም ያምራል። ከ35 ቀን በኋላ ግን ከዚያ ዘመቻ የተረፈ ደም ቢኖር አይሠራም፤ በ36ኛው ቀን የምትወልደው እናትም ከዚያ ቡድን የምታገኘው የለም። ያው 33 ሰው እንደ አሠልጣኝ ታስቦበት ለሦስት ቋሚ አሰላለፍ ቢከፈልስ? መጀመሪያው ወር ላይ 11 ሰው፣ በሁለተኛው ሌላ 11፣ በሦስተኛው የቀሩት 11። በጎ ፈቃደኛ በየሦስት ወሩ መለገስ ስለሚችል በአራተኛው ወር ተራው ወደ መጀመሪያዎቹ ይመለሳል። ማንም ሳይቀር ከዞረ በየወሩ 11 ከረጢት፣ በዓመት 132 ማለት ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የጨዋታ ፕሮግራሙ ብቻ ነው።

በተለይ ክረምት ላይ ይሄ ያስፈልጋል። ብዙው ደም የሚሰበሰበው ከተማሪዎች ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደም ባንኩ ይሳሳል። ሊጉም ያረፈበት ጊዜ ነው። ደጋፊው ስለ ዝውውር ወሬ ሲያወራ የሚውልበት ሐምሌና ነሐሴ፣ መሥሪያ ቤቶች ተቀይረው ሊገቡ የሚገባቸው ሰዓት ነው።

ፈቃድ ይጠየቅ

አንድ ነገር አይረሳ። በጎ ፈቃድ የሚባለው ፈቃድ ሲኖርበት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ “ሁሉም ሠራተኛ እንዲገኝ” ተብሎ ከሥሩ ማኅተም ከተመታበት፣ ያ በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆኗል። ደም ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ክብደቱ ከ45 ኪሎ በታች የሆነ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች መለገስ አይችሉም። ለምን እንዳልለገሱም ለባልደረባ የማስረዳት ግዴታ የለባቸውም። እነሱ ስም ይመዝግቡ፣ ሻይ ያፍሉ፣ ተረኛውን ይቀስቅሱ። በረኛን አጥቂ ካላደረግኩ የሚል አሠልጣኝ የለም።

እሁድ ከሰዓት ያገቡት 4 ለ 1 ተሸንፈው፣ ሥራ አስኪያጁም እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ሲገቡ ሁሉም ይስቃል። ሳቁ እስከ ሰኞ ሻይ ሰዓት ድረስ ይቆያል። የሚቀጥለው ወር ተረኛ 11 ሰዎች ስም ዝርዝር መጻፍ ያለበትም ያኔ ነው፤ ሰው ገና አንድ ቡድን መሆኑን ሳይረሳ። አምበሉ ሾፌር መኪናውን አስነስቶ “ጋሼ፣ የዚህ ወር ተረኛ እርስዎ ነዎት፤ ወደ ስታዲየም እንሂድ” ካለ ያ ቡድን ሊግ ውስጥ ገብቷል።