«ከውጭ ግዙ»

አክስቴ ከፎገራ ሪፈር ተጽፎላት ጀሞ ቤቴ ስትገባ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ሁለት ነገር ነበር፤ የጤና መድን ደብተሯና በአራት የታጠፈ ወረቀት። «ልጄ፣ አልጋ አጥቼ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «አልጋስ ነበር። መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ አሉን፣ ሁለት በግ ሸጥን። ኋላ ደግሞ ምርመራው የለም፣ አዲስ አበባ ሂዱ አሉን።»

በእኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሕክምና ለመጣ የገጠር ዘመድ ሳሎኑ ላይ ፍራሽ አንጥፎ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሁላችንም የምንሰማው ታሪክ የአክስቴን ይመስላል፤ አልጋ አለ፣ ሕክምናው የለም።

በአገራችን የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና አዋልዶ፣ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን አስተኝቶ እዚያው ወረዳው ላይ አድኖ እንዲሸኝ። የሠራተኛው ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይመጣል። መድኃኒትና የላቦራቶሪ ኬሚካል ግን በአብዛኛው የሚገዛው ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ፣ ማለትም ለሕክምና ከሚከፈለው ገንዘብ ነው። ድሮ ይህ ገቢ ተሰብስቦ ለመንግሥት ካዝና ይገባ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ገንዘቡ እዚያው እንዲቀር በር ከፈተ። ትልቅ እርምጃ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከአማራ ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና የአክስቴ ፎገራ ነበሩ። አባሉ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ የድሃውን ክልልና ወረዳ ይሸፍናሉ፣ ፌዴራል መንግሥቱ ድጎማ ይጨምራል። ሆስፒታሉ ግን አስቀድሞ ያክማል፣ ሂሳቡን የሚጠይቀው ኋላ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው በዘገየ ቁጥር መድኃኒት ማዘዣ ገንዘብ ይጠፋል፣ መደርደሪያው ይራቆታል፣ መዋጮውን የከፈለው ገበሬ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ባያሳድስ አልፈርድበትም።

የሰሜኑ ጦርነት አማራ ክልል ውስጥ ሲገባ 40 ሆስፒታሎችና ከ450 በላይ ጤና ጣቢያዎች መጎዳታቸውን ክልሉ በ2014 ዓ.ም. አሳውቆ ነበር። የተዘረፈ አልጋ በልገሳ ይተካል። የሌሊት ተረኛዋን ነርስ ደመወዝ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ማስሞያውን፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣ ግን ለጋሽ ዓመት ከዓመት አይሸፍንም። ቢሸፍንም እጁን የሚሰበስብበት ቀን አለ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። እኛም ቃሉን ሰጥተናል፤ እስካሁን አልሞላነውም።

አክስቴ ታክማ ተሽሏታል። አውቶቡስ ተራ ስሸኛት የጨነቃት የመድን መዋጮዋ ቀን እንዳያልፍባት ነበር። እሷ ድርሻዋን በጊዜ ትከፍላለች። የወረዳ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በጀት ስታጸድቁ ለአዲስ ግንባታ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ስለቆመው ሆስፒታል ጠይቁ፤ መድን ስንት ወር ሳይከፍለው ቆየ? ለመድኃኒትስ ስንት ብር ተያዘለት?