ሣር የሌለው ሜዳ፦ ስለ በረሃ ጎልፍና ስለ ገና ተረትና እውነታ

ታኅሣሥ ሲጋመስ በመንዝ፣ የራቤል ከተማ ዙሪያ ሜዳ መልኩን ይለውጣል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ በማሳው ላይ ከብት ተሰማርቶበታል፤ መሬቱ ደርቆ እንደ ምጣድ ጠንክሯል። ልጆች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ፍለጋ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ የሚዞሩት ያን ጊዜ ነው። ገና ሊለጉ ነው።

መንዝ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ የተለመደ ነገር አይደለም። በቴሌቪዥን ያየው ሰው ግን ጥቂት አይደለም፤ አይቶም “እነሱ ሣር አላቸው፣ እኛ ድንጋይ” ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ ጎልፍን በበረሃ የሚጫወቱ አሉ፤ የሚገጥማቸውም የራቤልን ልጅ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፦ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ኳስን በዱላ እንዴት ወደፈለጉት መስደድ ይቻላል? በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ከሚባለው ብዙው ተረት ነው። አንድ በአንድ እንየው።

ተረት 1፦ “ጎልፍ ያለ ለምለም ሣር አይሆንም።”

እውነታ፦ ጎልፍ ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ፣ ለእርሻ በማይመች አሸዋማ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወጣቱን ከቀስት ልምምድ አዘናግቷል ብሎ ከእግር ኳስ ጋር ሲከለክለው፣ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም ሣር የሚያጭድ መኪናም አልነበረም። ዛሬ ተጫዋቹን የሚያስጨንቁት የአሸዋ ጉድጓዶች የዚያ መሬት ቅርስ ናቸው። ኩበር ፒዲ በምትባለው የአውስትራሊያ የማዕድን ከተማ እስካሁንም ሣር በሌለው ሜዳ ይጫወታሉ፤ ተጫዋቹ ቁራጭ የሣር ምንጣፍ ይዞ እየዞረ ኳሱን በእሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል። በረሃውን ሣር ያለበሱም አሉ፤ ዱባይ እ.ኤ.አ. በ1988 የከፈተችው የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ሜዳ ለዚህ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለው ሣር ግን ውሃ በተቋረጠበት ማግሥት መጠውለግ ይጀምራል።

ተረት 2፦ “ገና ማለት የእኛ ጎልፍ ነው።”

እውነታ፦ ዱላና ኳስ ስላላቸው ይመሳሰላሉ እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው። በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ይመታል፤ ኳሱ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል። በገና ግን ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ አንዲት ናት፤ የሚሻሟት ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ እየሮጠች ትለጋለች፤ ድሉም በተጋጣሚ ወሰን ማሳለፍ ነው። ስለዚህ የገና የቅርብ ዘመዱ ሆኪ ነው። ገናን ከበረሃ ጎልፍ ጋር የሚያገናኘው ሜዳው ነው፤ የሁለቱም መሬት ጠንካራ፣ ወጣ ገባና ምሕረት የለሽ ነው።

ተረት 3፦ “ክንዱ የበረታ ያሸንፋል።”

እውነታ፦ ለስላሳ ሣር ኳስን ይይዛል፤ ደረቅ መሬት ይለቃል። በበረሃ ሜዳ ላይ ልምድ ያለው ጎልፍ ተጫዋች ኳሱን በቀጥታ ጉድጓዱ ላይ ለመጣል አይሞክርም፤ ቀድሞ አሳርፎ ቀሪውን መንገድ እንዲንከባለል ይተወዋል። ረጅሙን ዱላ ትቶ አጭሩን የሚመርጥበትም ጊዜ አለ። በአሪዞና በረሃ ካሉት ሜዳዎች ብዙዎቹ ሣራቸው እንደ ደሴት የተቆራረጠ ነው፤ ከደሴቱ የዘለለ ኳስ ቁልቋል ውስጥ ይገባል። እዚያ ሃምሳ እርምጃ አሳጥሮ ቀጥ ያለ ምት መምታት፣ አርዝሞ ከመጥመም ይሻላል።

ለገናም ይኸው ይሠራል። ባለ በሌለ ኃይሉ የለጋ ሰው ብዙ ጊዜ ሩሯን የሚሰጣት ለተጋጣሚ ነው፤ ደረቁ መሬት ከወገኑ አሳልፎ ይወስድበታል። ዝቅ አድርጎ፣ አጠር አድርጎ፣ ሰው ወደቆመበት መለጋት ይበልጣል። ዱላን ከወገብ በላይ አለማንሳትም ሁለት ጥቅም አለው፤ ምቱ ይቀናል፣ የጓደኛም ጥርስ ይተርፋል።

ተረት 4፦ “እርጥብ አየር ከባድ ስለሆነ ኳስ ይይዛል።”

እውነታ፦ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የውሃ ተን ከደረቅ አየር ይቀላል፤ ስለዚህ ሙቀቱና ከፍታው እኩል ከሆነ እርጥብ አየር በጥቂቱ የሳሳ ነው። ኳስን በእርግጥ የሚያስበርረው ሙቀትና ከፍታ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። በመንዝ ደጋ ላይ ጎልፍ ቢመታ ኳሱ ከጠረፍ ከተማ ይልቅ ርቆ ይሄድ ነበር፤ አየሩ ስለሚሳሳም ወደ ጎን የሚታጠፈው ያንሳል። ምድር ለምድር የምትሮጠው ሩር ግን ከአየሩ የምታገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። የእሷን ዕጣ የሚወስኑት ጠጠሩ፣ ጉብታውና የከብት ዱካው ናቸው።

ተረት 5፦ “አሸዋ አሸዋ ነው፤ ምቱ አንድ ነው።”

እውነታ፦ ይህ ተረት ብዙ ጀማሪ ጎልፍ ተጫዋች አስለቅሷል። ለስላሳ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ ኳስ በቀጥታ አይመታም፤ ከኋላው ሁለት ጣት ያህል ርቆ አሸዋው ይመታል፤ ኳሱን የሚያወጣው የሚፈናቀለው አሸዋ ነው። በረሃው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ በጠነከረበት ቦታ ይህን የሞከረ ግን ዱላው ከመሬቱ ነጥሮ የኳሱን ወገብ ይመታዋል፤ እዚያ መጀመሪያ መነካት ያለበት ኳሱ ነው። የገና ተጫዋችም አቧራ ባለበትና ድንጋይ ባፈጠጠበት ቦታ ዱላውን አንድ ዓይነት ሊወነጭፍ አይችልም። ከእንጨት የተጠረበች ሩር ድንጋይ ስትነካ ትነጥራለች፤ ከጠፍር የተሠራች ጥንግ ሻል ብላ ትረጋለች። እንደ ሜዳው ኳስ መምረጥም ብልሃት ነው።

ተረት 6፦ “ኳስህ እሾህ ውስጥ ቢገባም መታገል ነው፤ ማንሳት ሽንፈት ነው።”

እውነታ፦ የጎልፍ ሕግ መውጫ አበጅቷል። ተጫዋቹ “ይህ አይመታም” ካለ አንድ ምት ተቀጥቶ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርብ፣ በሁለት የዱላ ርዝመት ውስጥ ኳሱን ይጥላል። ኳሱ አጠገብ መርዘኛ እባብ ቢገኝ ደግሞ ያለ ቅጣት ዞር ማለት ይፈቀዳል። አንድ ምት መክፈል፣ ቁልቋል ሥር ተንበርክኮ ሦስት ከማባከን ይቀላል።

ተረት 7፦ “ውሃና ጥላ ለበረሃ ነው፤ ደጋ ምን ያስጠማል?”

እውነታ፦ ብርዱ ጥማትን ይሸፍናል እንጂ አያስቀርም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር እየማገ የሚሮጥ ሰው በእስትንፋሱ ብቻ ብዙ ውሃ ያጣል። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረርም በየ1000 ሜትሩ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የደጋ ተጫዋችም እንደ በረሃው ባርኔጣውንና ውሃውን ይዞ ይውጣ።

ተረት 8፦ “ገና ሕግ የለውም፤ ድብድብ ነው።”

እውነታ፦ ገና ዛሬ በባህል ስፖርት ውድድሮች የሚካሄድ፣ ዳኛ ያለው ጨዋታ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ባህሉ ራሱ ሕግ ነበር፤ በገና ዕለት ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ ቂም አይዝም። ይህን እንደ መማቻ ፈቃድ የወሰደ ሰው ግን ተሳስቷል። ቂም የማይያዘው ጉዳቱ ሳይታሰብ የደረሰ ስለሆነ ነው።

ደረቅ ሜዳ ለሚያመጣው ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ርካሽም ነው። በረሃ ላይ የሚጫወት ጠንቃቃ ሰው ከመምታቱ በፊት ወደፊት ሄዶ ኳሱ የሚያርፍበትን መሬት ያያል። ራቤልም ላይ ቢሆን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር መዞር፣ ሩሯንም በሦስት አራት ቦታ በእግር ገፋ አድርጎ መተው በቂ ነው። ወዴት እንደምታዘነብል፣ የት እንደምትነጥር፣ የት እንደምትቆም ራሷ ታሳያለች። ተጋጣሚ ዱላውን ሲያሳምር ሜዳውን ያጠና ቡድን፣ ገና ሳይለጋ አንድ እርምጃ ቀድሟል።