ሌላኛው ኮሎኒያ

«ኮሎኒያ» የሚለው የጣልያን ቃል ለእኛ ጆሮ ያው ቅኝ ግዛት ነው። ጣልያኖች ግን በዚሁ ቃል የልጆች ማረፊያንም ይጠሩበታል፤ የሠራተኛ ልጆች በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ ባሕር ወይም ወደ ተራራ ይላኩበት የነበረውን ሰፈር። በአድሪያቲክ ዳርቻ፣ ሚላኖ ማሪቲማ በተባለችው መንደር፣ ከጥዶች መካከል የቆመው ኮሎኒያ ቫሬዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በሕክምና ነው። በ1850ዎቹ ጁዜፔ ባሬላይ የተባለ የፍሎረንስ ሐኪም በአንገት ዕጢ ነቀርሳ የሚሠቃዩ ድሃ ልጆች የባሕር አየርና ፀሐይ እንዲያገኙ ተሟገተ፤ ቪያሬጆ ላይም ማረፊያ ተከፈተላቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ሲይዝ ሐሳቡን ወርሶ መልኩን ለወጠው። ልጁ በፉጨት ይነሣል፣ በሰልፍ ባንዲራ ይሰቅላል፣ በሰልፍ ፀሐይ ይሞቃል። ሲገባና ሲወጣ ይመዘናል፤ የጨመረው ኪሎ የመንግሥት ውለታ ሆኖ ይቆጠራል።

ቫሬዜን አርክቴክት ማሪዮ ሎሬቲ ነደፈው፤ ከ1937 እስከ 1939 ተሠራ። ስሙን ያገኘው ልጆቿን ትልክበት ከነበረችው የሰሜን ከተማ ነው። በግራና በቀኝ ረጃጅም የመኝታ ክፍሎች፣ በመካከል ደግሞ ደረጃ የሌላቸው ተዳፋት መውጫዎች አሉት። ተዳፋቶቹ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንደ ድርና ማግ ይተላለፋሉ። በመቶ የሚቆጠር ልጅ ሳይገፋፋ፣ ሳይሮጥና ሰልፉን ሳያፈርስ እንዲወጣና እንዲወርድ የታሰበ ነው። ከታች ቆሞ ለሚያይ አለቃም አንድም ልጅ አይሰወርበትም።

ሰልፉ ብዙ አልቆየም። ጣልያን በሰኔ 1940 ጦርነት ገባች። በዚያው ሰሞን ከሊቢያ የጣልያን ሰፋሪዎች ልጆች ወደ 13,000 የሚጠጉ ለአንድ ክረምት ብቻ ተብለው በመርከብ ወደ ኮሎኒያዎቹ ተልከው ነበር፤ መመለሻው ተዘግቶባቸው ብዙዎቹ ዓመታት ቆዩ። የቅኝ ግዛቱ ኮሎኒያ ልጆች በማረፊያው ኮሎኒያ ታገቱ። ቫሬዜ ሆስፒታል ሆነ፤ ጀርመኖች ሲያፈገፍጉም ከፊሉን በፈንጂ አፈረሱት።

ከጦርነቱ በኋላ ነቀርሳ መድኃኒት አገኘ፤ ሠራተኛውም መኪና ገዝቶ ልጆቹን ራሱ ባሕር ማድረስ ጀመረ። ኮሎኒያዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ። አንዳንዶቹ ዕድል ቀናቸው፤ ካቶሊካ ላይ በመርከብ ቅርጽ የተሠሩት ዛሬ ዓሣ የሚጎበኝባቸው ሆነዋል። ቫሬዜ ግን ፈርሶ ቀረ። ዳይሬክተር ፑፒ አቫቲ በ1983 ለእይታ የበቃውን፣ ሙታን የሚነሡበትን «ዜደር» የተሰኘ አስፈሪ ፊልሙን ሲቀርጽ ይህን ፍርስራሽ መረጠ።

ዛሬ ጨዋማው የባሕር አየር በሕንጻው ስንጥቅ ገብቶ የውስጡን ብረት ያዝጋል፤ የዛገው ብረት ያብጥና ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሕንጻው የተሠራው ብረት በሚቆጠብበት ዘመን ነው። ኢትዮጵያን በመውረሯ በ1935 ማዕቀብ የተጣለባት ጣልያን «ራስን መቻል» የሚል አዋጅ አውጃ ነበር፤ ብረትም ከግንባታ ይልቅ ለጦር መሣሪያ ይሄድ ነበር። ለልጆቹ ጣሪያ የተሰሰተው ብረት የት እንደዋለ ለአርበኛ የልጅ ልጅ መንገር አያስፈልግም።