“እንደዚህ አድርገሽ ስፊልኝ”፦ የምንወደውን ቀሚስ በልብስ ሰፊ ስናስቀዳ ሐቁ የማን ነው?



ዒድ ሲቃረብ በጦር ኃይሎች ዙሪያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ፋታ የላቸውም። አንዷ መርካቶ ጨርቅ ገዝታ ትመጣለች፣ ሌላዋ ከአያት በሚነሳው ቀላል ባቡር መጨረሻ ፌርማታ ላይ ትወርዳለች፣ ሌላዋ ከአየር ጤና ወይም ከቤቴል በታክሲ ትደርሳለች። ብዙዎቹ በፌስታላቸው ሁለት ነገር ይይዛሉ፤ አንዱ አዲስ ጨርቅ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተለበሰ ቀሚስ። ንግግሩም አጭር ነው፦ “እንደዚህ አድርገሽ ስፊልኝ።”

ያ የተለበሰ ቀሚስ ቀላል ዕቃ አይደለም። ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው ዐባያ ሊሆን ይችላል። የእናት መታሰቢያ ሊሆንም ይችላል። ገበያ ወጥቶ ሌላ መግዛት ስለማይቻል ነው ማስቀዳት ያስፈለገው። ችግሩ የሚመጣው በቀጠሮው ቀን ነው። ደረቱ ጠቧል፣ እጅጌው አጥሯል፣ ወይም ከዚህ የባሰ፣ ሰፊዋ ቅዱን ለማውጣት ብላ ዋናውን ቀሚስ ተርትራዋለች። “አንቺ ነሽ ያልሽኝ”፣ “እኔ እንዲህ አላልኩም” ይጀመራል። በሰፈር የሚተዋወቁ ሙስሊሞች በአንድ ቀሚስ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ይደርሳሉ።

ጉዳዩ ለፊቅህ አዲስ አይደለም። ኢማም አቡ ዩሱፍ (በሂጅራ 182 ያረፉት) የመምህራቸውን የአቡ ሐኒፋንና የኩፋው ቃዲ የኢብኑ አቢ ለይላን ልዩነቶች በሰበሰቡበት ኪታብ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከነልብስ ሰፊው ይገኛል። ሰውየው ጨርቅ ሰጠ፤ ሰፊው ከፊቱ ክፍት የሆነ ካባ አድርጎ ሰፋው። ባለ ጨርቁ “ቀሚስ ነበር ያልኩህ” አለ፣ ሰፊው “ካባ ነው ያልከኝ” አለ። ምስክር የለም። አቡ ሐኒፋ ተቀባይነት ያለው የባለ ጨርቁ ቃል ነው፣ ሰፊው የጨርቁን ዋጋ ይተካል አሉ። ኢብኑ አቢ ለይላ ደግሞ ቃሉ የሰፊው ነው አሉ። ለሁለቱም አስተያየት አለው። ጨርቁን የመቁረጥ ፈቃድ የሚመነጨው ከባለቤቱ ነውና ምን እንደፈቀደ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሌላ በኩል ባለ ጨርቁ ራሱ ቁረጥ ብሎ ማዘዙን አምኗል፤ አሁን ካሳ ጠያቂ የሆነው እርሱ ነው፤ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ሊቃውንት የተለያዩት ቃል ብቻ ስለነበረ ነው። ናሙና ቀሚስ ይዞ መሄድ ማለት ለሁለቱም ወገን የሚመሰክር ዕቃ መካከል ላይ ማስቀመጥ ነው። ነገር ግን ናሙናው የሚመሰክረው “እንደዚህ” የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያጠቃልል ከተነገረ ብቻ ነው። ቅዱን ነው? ቁመቱን ነው? ስፋቱን? የጨርቁን አወራረድ? ሰፊዋ ቅዱን ሰምታ ይሆናል፣ ደንበኛዋ ሁሉንም ማለቷ ነው።

ቀጥሎ የውሉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን አያስበውም። ጨርቁን ያመጣችው ደንበኛዋ ከሆነች ውሉ ኢጃራ ነው፤ የሰፊዋን ጉልበትና ሙያ ተከራየች ማለት ነው። ጨርቁም ክሩም ከሰፊዋ ከሆነ ግን ኢስቲስናዕ ይባላል፤ በዝርዝር የተነገረ ዕቃ ሠርቶ ለማስረከብ የሚገባ ውል ነው። የሐነፊያ ዑለማዎች ኢስቲስናዕን ሲፈቅዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ማሠራታቸውንና ሚንበር እንዲሠራላቸው ማዘዛቸውን ያስረጃሉ። በሻፊዒያ ዘንድ ገና ያልተሠራን ነገር መሸጥ የሚቻለው በሰለም መልክ፣ ዋጋውን በውሉ መቀመጫ ሙሉ በሙሉ በመክፈል ነው። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ለዘመናት ሲቀሩ ስለኖሩ ደንበኛና ሰፊ በዚህ ቢለያዩ አያስገርምም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጅዳ ላይ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤው ኢስቲስናዕ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል መሆኑን ወስኗል። መሥፈርቱም የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ባሕርይ እንዲገለጽ፣ የማስረከቢያው ጊዜም እንዲወሰን ነው።

ልዩነቱ በኪስ ላይ ይታያል። በኢስቲስናዕ ቀሚሱ ከተነገረው ውጭ ከሆነ ደንበኛዋ አልቀበልም ማለት ትችላለች፤ ጨርቁ የሰፊዋ ነበርና ኪሳራውም የእርሷ ነው። በኢጃራ ግን የተበላሸው የደንበኛዋ ንብረት ነው፤ ጥያቄውም የመተካት ጥያቄ ይሆናል። እንደ ልብስ ሰፊ ለብዙ ሰው የሚሠራ ባለሙያ በፊቅህ አጂር ሙሽተረክ ይባላል። በእጁ ስለጠፋ ዕቃ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ከፊሉ ካላጠፋ ወይም ካልተዘናጋ አይጠየቅም ይላል፣ ከፊሉ ደግሞ የሰዎች ንብረት እንዳይባክን ሲባል ይጠየቃል ይላል፤ ይህኛው ከዐሊይ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። ቸልተኝነት ካለ ግን ልዩነት የለም፤ ሰፊው ይጠየቃል።

አሁን ወደ ናሙናው እንመለስ። ቀሚሱ በሰፊዋ እጅ አማና ነው። የተሰጣት እንድታየውና እንድትለካው ነው። ስፌቱን መተርተር ከተፈቀደላት ውጭ መሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ “መልሼ ሰፋሁት” ማለት ከተጠያቂነት አያድንም፤ የዋጋውን ጉድለት ትተካለች። ደንበኛዋ ግን “መተርተር ይቻላል” ብላ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ይህች አንዲት ጥያቄ ከቀብድም ከቀጠሮም በፊት መነሳት አለባት፦ ይተርተር ወይስ አይተርተር?

ጥያቄው የሙያም ነው። ሳይተረተር የሚቀዳ ልብስ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ለሁለት ታጥፎ፣ በስፒል ተይዞ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በስፌቱ መስመር ወረቀት ላይ ይነደፋል። ከዚያ ለስፌት የሚሆን አንድ ወይም አንድ ሳንቲ ተኩል ዙሪያውን ይጨመራል። ቀጥ ያሉት ክፍሎች አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው የእጅጌው ራስና ብብቱ ነው፤ ክብ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም። በወረቀቱ ላይ የእጅጌው ራስና የሚገባበት የትከሻ ቀዳዳ ተለክተው ካልተመሳከሩ ክንድ ሲነሳ ቀሚሱ አብሮ ይነሳል፣ ወይም ትከሻ ላይ ይጨማደዳል። ተርትሮ መቅዳት ትክክለኛውን ቅርጽ ይሰጣል፤ ግን ያረጀ ጨርቅ በመርፌ ቀዳዳው ላይ ሊቀደድ ይችላል። በጣም የምትወዱትን ልብስ አታስተርትሩ። ሊጣል የደረሰ ከሆነ ግን ቢተረተር ይሻላል፤ ሥራው ያምራል።

ሌላው ስህተት የሚመጣው ከጨርቅ ነው። ናሙናው እንደ ጀርሲ የሚሳብ ሆኖ አዲሱ የማይሳብ ከሆነ፣ በዚያው ልክ የተቆረጠው አይገባም። ናሙናው በሰያፍ የተቀደደ ከሆነና አዲሱ በቀጥታ ከተቀደደ ያ የወደዳችሁት አወራረድ አይመጣም፤ በሰያፍ መቅደድ ደግሞ ብዙ ሜትር ይበላል። መርካቶ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፊዋን ስንት ሜትር እንደሚበቃ ስትጠይቁ የጨርቁንም ወርድ ንገሯት፤ የ150 ሳንቲ ወርድና የ115 ሳንቲ ወርድ አንድ አይደሉም። ጥጥና ቪስኮስ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰቡ ሳይቆረጡ ይታጠቡ። ያረጀው ቀሚስ ራሱም ተለጥጦ ወይም ተሰብስቦ ይሆናልና በእርሱ ብቻ አይታመንም፤ ሰውነታችሁም ይለካ። ሰፊዋ ፈቃደኛ ከሆነች በርካሽ አቡጀዲ መጀመሪያ ተሰፍቶ መለካቱ ውድ ጨርቅ ያተርፋል። ለአንድ ቀሚስ ብዙ መስሎ ይታያል፤ የጨርቁን ዋጋ ላሰበ ግን ብዙ አይደለም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በኒዳ የተሰፋ ዐባያ ሰፊ፣ የማያሳይና ገላን የማይዝ ነው። ያው ቅድ በስስ ቪስኮስ ቢሰፋ ብርሃን ላይ ያሳይ ይሆናል፣ ንፋስም ገላ ላይ ይለጥፈዋል። ቅዱ ተቀዳ፣ ሒጃብነቱ ግን አልተቀዳም። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ በእጅ ይዛችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ የሚያሳይ ከሆነ ገበር እንደሚያስፈልገው አስቀድማችሁ አስቡ፤ ገበር ሲጨመር የሰፊዋም ዋጋ ይጨምራል።

ስለ ቀብድ፦ ቀብድ ሰጥቶ ሐሳብን የቀየረ ሰው ገንዘቡ ይቀራል ወይ በሚለው አብዛኞቹ ቀደምት ዑለማዎች አልፈቀዱም፤ ሐንበሊዎች ፈቅደዋል። የፊቅህ አካዳሚው በ1993 ብሩናይ ላይ የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ ፈቅዷል። በ1952 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ የሚገባ ውልን ራሱን ይኸው ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ይዘረዝረዋል። ስለ መዘግየት ደግሞ አካዳሚው በኢስቲስናዕ ውል ላይ የቅጣት ስምምነት ማስገባትን ፈቅዷል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ግን አይሠራም። መብራት መጥፋቱ ከአቅም በላይ ነው ወይ የሚለውን ሰፊዋ በእግር የሚረገጥ ማሽን እንዳላትና እንደሌላት አይታችሁ ፍረዱ።

የሱራ አል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለቀሚስ ሙሉ ሰነድ ባይጻፍም በሰፊዋ ደብተር ላይ አራት መስመር ይበቃል፤ ልኬቱ፣ ከናሙናው የሚለየው ነገር፣ ዋጋና ቀብዱ፣ ቀኑ። ናሙናው ሲሰጥ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ቀድሞ የነበረ ቀዳዳ ካለም ፎቶው ያሳያል፤ ይህ ሰፊዋንም ይጠብቃታል።

የሰፊዎቹ ሐቅ ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። ልብስ ስፌት የተከበረ ሙያ ነው። ኢማም ቡኻሪ በሰሒሓቸው የግብይት ክፍል ውስጥ ስለ ልብስ ሰፊ ራሱን የቻለ ባብ አላቸው። በእርሱ ሥር ያለው ሐዲስ አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብ ሠርቶ እንደጋበዛቸውና አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሳህኑ ዱባ ሲፈልጉ እንዳየ ይናገራል። እዚያው ሰሒሕ ውስጥ ሠራተኛን አሠርቶ ክፍያውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑ ተዘግቧል። ልኩ የወጣ ቀሚስን ዋጋ ለማስቀነስ ሲባል “አልወደድኩትም” ማለት የዚህ ቤተሰብ ነው። የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ግን የባለ ጨርቋ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ሰፊዋ ትጠይቅ፣ ወይም ደንበኛዋ ይቅርልሽ ትበል።

የምንወደውን ቅድ ለራሳችን ማስቀዳትና የሌላ ድርጅትን ስም በጨርቅ አሠርቶ ለጥፎ መሸጥም አንድ አይደሉም። የፊቅህ አካዳሚው በ1988 የንግድ ስምና ምልክት ባለቤት ያለው ሐቅ መሆኑን ወስኗል። በሁለተኛው ላይ ገዢው ደግሞ ይታለላል።

ሰፍታ የጨረሰች፣ ደንበኛዋም ዒድ አልፎ ወራት ሲቆጠር ያልመጣችላት ሰፊ ምን ታድርግ? በሐነፊያ ዘንድ ሥራው በዕቃው ላይ የሚታይ ባለሙያ ክፍያውን እስኪቀበል ድረስ ዕቃውን መያዝ ይችላል። መያዝ ማለት ግን መልበስ ወይም መሸጥ አይደለም። አዲሱም ናሙናውም አማና ሆነው ይቆያሉ። ስልክ ይደወል፣ በጎረቤት ይላክ፤ ስለዚህም ነው ደብተሩ ላይ ከልኬቱ ጎን የደንበኛዋ ስልክ ቁጥር አምስተኛ መስመር ሆኖ ቢጻፍ የሚሻለው።

ወላሁ አዕለም።