የእባቡ ጌም፣ የአድሪያኖ ምትና የመሬቱ ገበጣ

ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ላደገ ብዙ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም በቴሌቪዥን አልመጣም፤ በኪስ ነው የመጣው። ኖኪያ 1100 እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ሰው የወደደለት አናቱ ላይ ያለችውን ባትሪና ቻርጁ ቶሎ አለማለቁን ነበር። መብራት በሌለበት መንደር ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ውስጡ ግን እባብም ነበረበት። 2፣ 4፣ 6 እና 8 ቁጥሮችን እየተጫኑ እባቡን ወደ ምግቡ መምራት፣ በበላ ቁጥር መርዘም፣ የገዛ ጅራቱን ከነካ ማለቅ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ጌሙን ለኖኪያ የሠራው ፊንላንዳዊው ታኔሊ አርማንቶ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ዛሬ ያንን ስልክ ከመሳቢያ ያወጣ ሰው አንዴ ብቻ ልሞክረው ብሎ ይጀምርና ሳያስበው ሰዓቱ ይነጉዳል። የያዘው ትዝታው ነው ወይስ ጌሙ?

ትዝታ ነው ለሚሉ ጥሩ መልስ የሚሆነው የአንድ አሜሪካዊ ልጅ ታሪክ ነው። ቴትሪስ የተባለውን ጌም አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2023፣ የ13 ዓመቱ ዊሊስ ጊብሰን ለድሮው የኒንቴንዶ ማሽን የተሠራውን ቴትሪስ ሲጫወት ደረጃ 157 ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ጌሙ ስታክ አደረገ። ከእሱ በፊት እዚያ ድረስ የገፋ ሰው አልነበረም። ይህ ልጅ ከጌሙ ጋር ያሳለፈው የልጅነት ዘመን የለውም፤ ጌሙ ከእሱ በብዙ ዓመት ይበልጣል። የሚናፍቀው ነገር ሳይኖር ነው የወደደው።

ሁሉም አሮጌ ጌም እንዲህ አይደለም። በምስሉ ውበት ብቻ የተወደደ ጌም የተሻለ ምስል ሲመጣ ይረሳል። ሰውን ከሰው የሚያፋልም ግን ይቆያል። በፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደገ የከተማ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የእግር ኳስ ጌም ፒኢኤስ 6ን ዛሬ ቢያየው የተጫዋቾቹ ፊት የሰም መስሎ ይታየዋል፤ የስታዲየሙ ተመልካችም ወረቀት ላይ የተሳለ ነው የሚመስለው። ነገር ግን የኢንተሩ አድሪያኖ፣ የምት ኃይሉ 99 የነበረው፣ ከሳጥን ውጭ ኳሷን ሲያገኝ ተጋጣሚው አሁንም ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ተሸናፊ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ያንን ጨዋታ ጨዋታ ያደረገው አጠገብ ተቀምጦ የሚያላግጠው ጓደኛ ነው።

ይልቅ የሚያረጀው ማሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ቢሸጥም ምርቱ በ2013 ቆሟል። ሌንሱ ደክሞ ሲዲ አላነብ ያለ እንደሆነ መለዋወጫው ከሌላ ከተበላሸ ማሽን መነቀል አለበት። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ አይገኙም ነበር። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ሰው ሳይሰለቻቸው መጫወቻ ያጡ ጌሞች ብዙ ናቸውና።

በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣና በፃግብጂ፣ የጌሞች መጥፋት ሌላ መልክ አለው። አካባቢው በሰሜኑ ጦርነት ለረጅም ጊዜ ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስክሪን ያለው ጨዋታ ሁሉ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ እኩል ይጠፋል። ገበጣ ግን ሶኬት አይፈልግም። በአንደኛው ዓይነት አጨዋወት ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን ዘግኖ አንድ አንድ እያለ በየጉድጓዱ ይዘራል። ጎበዝ ተጫዋች የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ገና ሳይዘግን በዓይኑ ቆጥሮ ያውቃል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ጨዋታ በርካታ ዓይነቶች መዝግበዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ዶሮዋን የሚያሯሩጠውን ኩኩሉ የተባለ ጌም የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል።

በስልኩ ጠጠሩን የሚዘራው ማሽኑ ነው። በመሬቱ ገበጣ ጉድጓዱን የክረምቱ ዝናብ ይደፍነዋል፤ መስከረም ሲጠባ እረኞቹ ደረቅ መሬት መርጠው እንደገና ይቆፍራሉ።