የተረፈውን እህል ስለ መጠበቅ፤ በቀይ አፈርና በአካባቢው

ክቡራን የወረዳ ገዢዎችና የቀበሌ ሹማምንት፤ እናንተም ሰፊ እርሻ ያላችሁ ባለይዞታዎች፤

እህልን ማብቀል የገበሬ ሥራ ነው፤ የበቀለውን መጠበቅ ግን የገበሬውም፣ የነጋዴውም፣ የሹሙም ሥራ ነው። ዮሴፍም በግብፅ ምድር የተመሰገነው በሰባቱ የጥጋብ ዓመት የተረፈውን በየከተማው አከማችቶ ለሰባቱ የራብ ዓመት ስላቆየው ነው።

ሐሙስ ቀን በቀይ አፈር ገበያ የቆመ ሰው የነገሩን ምክንያት በዓይኑ ያያል። ከበና፣ ከፀማይ፣ ከአሪና ከሐመር የሚመጣው ሕዝብ ማሽላውንና በቆሎውን፣ ማሩንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል። መከር በገባ ጊዜ ሁሉም ባንድነት ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ጎተራው በጎደለ ጊዜ ደግሞ ያው ገበሬ በርካሽ የሸጠውን አስወድዶ ይገዛል፤ ገንዘብ ቢያጣ ፍየሉን፣ ፍየሉ ቢያልቅ ላሙን ይሸጣል። ስለዚህ የድኅነቱ ሥር ብዙ ጊዜ የሚተከለው እህል በተረፈበት ዓመት ነው።

ገበሬው ፈጥኖ የሚሸጠው ግን በስንፍና አይደለም፤ ነቀዝን ስለሚፈራና ገንዘብ ስለሚቸግረው ነው። ለሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ስለ ነቀዝ፤ እህሉ አስቀድሞ በፀሐይ በሚገባ ይድረቅ፤ የበቆሎ እርጥበት ከመቶ 13 እጅ አይብለጥ። ጎተራው ተጠርጎ ይጽዳ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይቀላቀል። በእንጨት እግር ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ጎተራ ከምድር እርጥበት ያድናል፤ በእግሮቹም ላይ ቆርቆሮ ቢጠመጠም አይጥ መውጫ ታጣለች። ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢትም አለ፤ ይኸውም ሁለት የላስቲክ ከረጢት በጆንያ ውስጥ ሆኖ በጥብቅ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ መርዝ ይሞታል። ደጋግሞ የሚከፍተው ሰው ግን አየር ያስገባበታልና፣ የቤት ቀለቡ በሌላ ዕቃ ይለይ። ጎተራ የሚሠራበትም ስፍራ ይታሰብበት፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ሰውንና ከብትን ማጥፋቱ አይዘነጋም።

ስለ ገንዘብ፤ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996 የወጣው ለዚሁ ነው። ሥራውን በ2000 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚሠራው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ምርቱ ተመዝኖ፣ ደረጃው ተለይቶ፣ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ደረሰኙም ለብድር መያዣ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱ ምርቱን ሳይሸጥ ችግሩን ያልፋል።

እንዲህ ያለ ታላቅ መጋዘን ባይኖርም፣ ማኅበርተኞች ተስማምተው አነስተኛ ጎተራ ቢያቆሙ ደንቡ ያው ነው። እህሉ ባለቤቱ እያየ ይመዘን፤ በመዝገብ ይጻፍ፤ ቍልፉ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሁሉንም ማከማቸትም ጥበብ አይደለም፤ አስቀድሞ ዘሩና ቀለቡ ይለይ፤ ትርፉም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ወደ ገበያ ይውጣ።

ሹማምንት ሆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው እምነት ነው። አንድ ኩንታል አስገብቶ ጎድሎ ያገኘ ገበሬ ሁለተኛ አያስገባም፤ ጎረቤቱም ከእርሱ ይማራል። ስለዚህ ሚዛኑንና መዝገቡን ከመከር በፊት መርምሩ፤ ከመከር በኋላ የሚደረግ ምርመራ የነቀዘውን ከመቍጠር በቀር ጥቅም የለውም።